የድሮ የሐራጅ ካታሎግ ለአሮጌ ገንዘብና ለቴምብር ባለቤት የሚሰጠው ጥቅም

በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ ከአባቱ ወይም ከአያቱ ንግድ የወረሰ ሰው ሣጥኑን ቢፈትሽ፣ ጥቂት ጠገራ ብር፣ አንድ ሁለት የምኒልክ አላድ፣ ከአገልግሎት የወጣ የባንክ ኖት ወይም ቴምብር የተለጠፈበት የቆየ የንግድ ደብዳቤ ቢያገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ በመርሳና በወልድያ ያልፋል፤ ከወልድያም ወደ ምዕራብ ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል። ስለዚህ ገንዘብ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ በዚህ አገር ነጋዴ እጅ ሲመላለስ ኖሯል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ግን ዋጋውን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ገዢው ራሱ ነው። የጤፉንና የማሽላውን፣ የበጉንና የበሬውን የዕለት ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ስለ አሮጌው ብር ሲጠየቅ የሚያመዛዝንበት አንዳች ነገር የለውም። አንዱ ዕቃውን እጅግ አርክሶ ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ ያረጀ ነገር ሁሉ ውድ ነው ብሎ በማመን የማይገኝ ዋጋ ይጠይቅና ገዢውን ያባርራል። ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም የሚመሰክርላቸው መዝገብ ስለሌላቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ሊያስረዳ የሚፈልገው፣ እንዲህ ያለው መዝገብ በዓለም ላይ ያለ መሆኑንና እርሱም የድሮው የሐራጅ ካታሎግ መሆኑን ነው።

የሐራጅ ካታሎግ ምንድን ነው?

በውጭ አገር ያሉ ታላላቅ የሐራጅ ቤቶች አንድ ሽያጭ ከመደረጉ በፊት የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ በተራ ቁጥር እየዘረዘሩ መጽሐፍ ያሳትማሉ። በዚህም መጽሐፍ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑና ሚዛኑ፣ ያለበት ሁኔታ፣ ቀድሞ የማን እንደነበረና ሊያወጣ ይችላል ተብሎ የተገመተው ዋጋ ይጻፍበታል፤ ለተመረጡትም ዕቃዎች ፎቶግራፍ ይወጣላቸዋል። ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ በእርግጥ ያወጣው ዋጋ በሌላ ወረቀት ታትሞ ለደንበኞች ይላካል።

ሽያጩ ካለፈ በኋላ ብዙ ሰዎች ካታሎጉን እንደ አሮጌ ጋዜጣ ይጥሉት ነበር። አስተዋዮቹ አሰባሳቢዎች ግን ዋጋው የታተመበትን ወረቀት ከካታሎጉ ጋር አያይዘው አስቀመጡት፤ አንዳንዶቹም በሐራጁ አዳራሽ ተቀምጠው ዋጋውን በእርሳስ በየተራ ቁጥሩ አጠገብ ጻፉት። ዛሬ እንዲህ ያለው ዋጋ የተጻፈበት ካታሎግ ራሱ ተፈላጊ ዕቃ ሆኗል።

የዋጋ መጽሐፍ የሚባል ሌላ ዓይነት መጽሐፍም መኖሩ ይታወቃል። ነገር ግን የዋጋ መጽሐፍ የሚናገረው አዘጋጁ ይገባዋል ብሎ የገመተውን ነው፤ የሐራጅ ካታሎግ ከዋጋ ወረቀቱ ጋር የሚናገረው ግን አንድ የታወቀ ዕቃ በአንድ የታወቀ ቀን በብዙ ተጫራቾች ፊት ያወጣውን ነው። በግምትና በተፈጸመ ሽያጭ መካከል ያለውን ልዩነት ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከአሜሪካ የተገኘ አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለው የኳስ ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። የትምባሆ ኩባንያዎች የተጫዋቾቹን ሥዕል በትንንሽ ካርድ እያተሙ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከታተሙት ካርዶች መካከል ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ያለበት ነው፤ በዓለም ላይ የሚታወቁት ቁጥራቸው በጥቂት ዐሥሮች ብቻ የሚቆጠር ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ በሶዝቢ ሐራጅ 451,000 የአሜሪካ ዶላር አወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካርዱን ቀድሞ የሸጠው ነጋዴ ጠርዙን ቆርጦ አስተካክሎት እንደነበር በፍርድ ቤት አመነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ዕቃ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በካታሎግ ላይ በፎቶግራፍ ወጥቶ ከሆነ፣ የዛሬው መልኩ ከዚያው ፎቶግራፍ ጋር ይነጻጸራል፤ ጠርዙ ጠብቦ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ እድፉ ታጥቦ እንደሆነ ይታወቃል። የቤዝቦል ካርድ አሰባሳቢዎች የድሮ ካታሎግ የሚያከማቹት ስለዚህ ነው። ይኸው አሠራር ለጠገራ ብር፣ ለባንክ ኖትና ለቴምብርም ያለ ልዩነት ያገለግላል።

1780 የሚለው ቁጥር የሚያስከትለው ስሕተት

በአገራችን በብዛት የሚገኘው አሮጌ ብር የማርያ ትሬዛ ጠገራ ነው። በላዩም 1780 የሚል ዓመት ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ብር ይዣለሁ ብሎ ይደሰታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ብሩ በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ አገር ገበያ እጅግ ተፈላጊ ስለነበረ፣ የዓመቱ ቁጥር ሳይለወጥ ሲቀረጽ ቆየ። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሴል፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተቀርጿል። የሮሙ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትሰናዳበት ጊዜ ነበር፤ የለንደኑም በ1936 ተከተለ። በጠቅላላው የተቀረጸው ብዛት ከ300 ሚሊዮን የሚበልጥ መሆኑ ይገመታል።

እንግዲህ 1780 የሚለው ቁጥር ብቻውን የብሩን ዕድሜም ሆነ ብርቅነት አያስረዳም። የድሮ ካታሎጎች የሚጠቅሙት በዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ በንስሩ ጭራ ላይ ያሉትን ላባዎች፣ በንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደሎችና በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ እየቆጠሩና እየለኩ፣ የትኛው በየትኛው ከተማና በየትኛው ዘመን እንደተቀረጸ ለይተው በፎቶግራፍ አውጥተዋል። የእኛም አባቶች ብሩን ሲቀበሉ ዕንቁውንና ላባውን አጥብቀው ይመረምሩ እንደነበር የታወቀ ነው። ያ ጥንቃቄ ዛሬ በሳይንሳዊ መንገድ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

አብዛኞቹ ጠገራዎች ከብሩ ማዕድን ዋጋ ብዙም አይበልጡም። የማዕድኑን ዋጋ ደግሞ ማንም ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ከ7 ሴንቲግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከ39 ሴንቲግራም ያህል ነው። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ማባዛት ነው። ሻጭ ከዚህ በታች ሊሸጥ አይገባውም፤ ገዢም ከዚህ እጅግ በላይ ሲጠየቅ፣ ምክንያቱን በካታሎግ ፎቶግራፍ እንዲያሳዩት መጠየቅ ይገባዋል። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ፣ ጆሮ የተበየደለት ወይም በአመድና በሎሚ የተፈተገ ብር ከአሰባሳቢ ዘንድ ዋጋው እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም። ብርን ለማስዋብ ተብሎ ማጠብ ዋጋውን አጥቦ መድፋት ነው።

የምኒልክ ብር፣ የባንክ ኖትና ቴምብር

የምኒልክ ብር በፓሪስ የተቀረጸ ሲሆን፣ ዓመቱ በግዕዝ አኃዝና በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ፲፰፻፹፯ ይላል፤ ይህም 1887 ዓ.ም. ማለት ነው። የውጭ አገር ካታሎግ ይህንኑ ብር 1894 ወይም 1895 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ስለዚህ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ብሮች እንዳይመስሉት የዓመት አቆጣጠሩን ማስተያየት ይገባዋል። ደግሞም አንበሳው ያነሳው የፊት እግር በአንዳንዱ ቀኙ፣ በአንዳንዱ ግራው ነው። በእጁ የያዘው ብር የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሻጭ የአንዱን ዋጋ ለሌላው ይጠይቃል።

ስለ ባንክ ኖትም እንደዚሁ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ፣ ከዚያም በ1923 ዓ.ም. የተተካው የኢትዮጵያ ባንክ ያወጧቸው ኖቶች እምብዛም አይገኙም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ኖት የባንኩ ገዥ የነበረው የአሜሪካዊው የጆርጅ ብላወርስ ፊርማ አለበት፤ በኋላ የወጡት የተከታዮቹን ፊርማ ይዘዋል። የመንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ በኖቱ ላይ ያለው የባንኩ ስም ራሱ ተለወጠ። የባንኩ ስም፣ ፊርማውና የተከታታይ ቁጥሩ ፊደል አንድ ላይ ሲነበቡ የኖቱን ዘመን ይናገራሉ፤ ካታሎጎቹም ዕቃውን የሚከፋፍሉት በእነዚሁ ምልክቶች ነው። ከገበያ የወጣ ኖት ሁሉ ብርቅ አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአዲስ የተለወጡት ኖቶች በብዙ ሰው ቤት ቀርተው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ለጊዜው ከመታሰቢያነት የሚያልፍ ዋጋ አይጠበቅባቸውም።

ስለ ቴምብር ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ፣ ቴምብርን ከፖስታው ላይ አትላጡ የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ገደማ በፓሪስ ታትመው፣ በአነስተኛው ዋጋ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ፣ በከፍተኛው ላይ የአንበሳ ሥዕል ወጥቶባቸዋል። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ከእኛ ቴምብር ጋር የሌላ አገር ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች ከነማኅተማቸው ያሉበት ፖስታ ከተላጡት ቴምብሮች እጅግ የሚበልጥ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል በምኒልክ ቴምብሮች ላይ በኋላ የተመቱት የጽሕፈት ማኅተሞች በሐሰት በብዛት ተሠርተዋል፤ እውነተኛውን ለመለየት ፊደሉንና ስፋቱን ከታመነ የካታሎግ ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት ይረዳል።

የካታሎግ ዋጋ እንዴት ይነበባል?

የካታሎግን ዋጋ ሳይመረምሩ እንዳለ መቀበል አያዋጣም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከሽያጩ በፊት የተጻፈው ግምትና በመጨረሻ የተፈጸመው ዋጋ አንድ አይደሉም። ዋጋ ያልተጻፈለት ተራ ቁጥር ቢገኝም ዕቃው ሳይሸጥ ለባለቤቱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ራሱ ግምቱ ከፍ ብሎ እንደነበር የሚያስረዳ ዜና ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አጫራቹ መዶሻውን የመታበት ዋጋ ገዢው የሚከፍለውም፣ ሻጩ የሚቀበለውም አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ዕቃ በ100 ፓውንድ ተሸጠ እንበል። የሐራጅ ቤቱ ከገዢው ከመቶ 25፣ ከሻጩም ከመቶ 15 ኮሚሽን የሚወስድ ቢሆን፣ ገዢው 125 ይከፍላል፤ ሻጩ ግን 85 ብቻ ይቀበላል። በመካከል ያለው 40 ፓውንድ የሐራጅ ቤቱ ነው። አንዳንድ ዝርዝር ኮሚሽኑን ጨምሮ፣ አንዳንዱ ሳይጨምር ስለሚጽፍ፣ የትኛው መሆኑን ሳያረጋግጡ ዋጋን ከዋጋ ማወዳደር ትርፍን በተሳሳተ ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የገንዘቡ አቅም ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ካታሎግ ዋጋን በዛሬ ምንዛሪ አባዝቶ እንደ ዛሬ ዋጋ መውሰድ ከንቱ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ ከአሮጌው ዋጋ የማይሞት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዝምድናው ነው። በአንድ የድሮ ሽያጭ ተራው ጠገራ በ2 ፓውንድ፣ አንድ የምኒልክ ብር ደግሞ በ12 ፓውንድ ተሸጦ ከሆነ፣ የምኒልኩ ብር ስድስት ጠገራ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ዝምድና በሦስትና በአራት ካታሎግ ላይ ደግሞ ከታየ፣ ነጋዴው የጠገራን የዛሬ ዋጋ አስልቶ የሌላውን መገመቻ ያገኛል። በዚሁ መንገድ አንድ ዓይነት ዕቃ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በስንት ካታሎግ ላይ እንደወጣ መቁጠር ብርቅነቱን ያስረዳል። በየሽያጩ ስድስት ሰባት ጊዜ የሚታይ ዕቃን ማንም ብርቅ ነው ብሎ ሊሸጥልዎ አይችልም።

ካታሎግም ጉድለት እንደማያጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ጸሐፊው የሐራጅ ቤቱ ሠራተኛ ስለሆነ ዕቃውን ማሞገሱ የተለመደ ነው፤ የአገራችንን ቋንቋ የማያውቅ በመሆኑም ጽሑፉን በስሕተት ሊያነብ ይችላል። የድሮዎቹ ፎቶግራፍ የሚያወጡት ለምርጡ ዕቃ ብቻ ነበር። አንዳንዴም ሐሰተኛ ዕቃ እንደ እውነተኛ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ካታሎግ ምስክርነት መቆም አይገባም፤ ምስክር ሲበዛ ነው ፍርድ የሚጸናው።

ያለ ካታሎግ የተደረገው የደላንታ ሐራጅ

የመዝገብን ጥቅም ለወሎ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ተሸጠ። 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰብስቦ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ዋነኛው ገዢ ነበር፤ ወደ ሙዚየሙም የገቡት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ናቸው።

ይህ በጦር ሰፈር የተደረገ ችኩል ሽያጭ ስለነበረ፣ ሥዕልና ዝርዝር ያለው ካታሎግ አልታተመለትም። ለሙዚየሙ የተገዙት ብራናዎች እ.ኤ.አ. በ1877 በዊልያም ራይት ዝርዝር ታትመው ስለወጡ የት እንዳሉ ይታወቃል። መኮንኖችና ወታደሮች የገዟቸው መስቀሎች፣ ጋሻዎችና ዋንጫዎች ግን በየቤቱ ተበትነው ቀሩ፤ ፈላጊዎቻቸውም ከመቶ ዓመት በላይ ዱካቸውን አጥተው ኖሩ።

ከዚህ ጋር ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ታሪክ እናስተያየው። ይህን ሥዕል ሆልምስ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፎቶግራፉ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ወጣ፤ ከሆልምስ ሞት በኋላ በ1917 በለንደን በክሪስቲ ሐራጅ ተሸጠ፤ በ1950ም እዚያው ሐራጅ ዳግመኛ ቀርቦ በአንድ የፖርቱጋል የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ተገዛ። ማርቲን ቤይሊ የተባለው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥዕሉ በፖርቱጋል በአንድ ባንክ ተቀምጦ መኖሩን አረጋገጠ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ወደ አገሩ ባይመለስም፣ በሐራጅ ያለፈባቸው ዓመታት ስለሚታወቁ ጠፋ ተብሎ አልተረሳም።

በቅርብ ጊዜ የሆነውም ይህንኑ ያጸናል። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አንድ የሐራጅ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎችን ለሽያጭ አቀረበ። ዕቃው ከሽያጩ በፊት በዝርዝር ስለታወጀ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አይቶ እንዲቆም ጠየቀ፤ ዕቃዎቹም ከሽያጩ ወጥተው፣ ሼሄራዛድ የተባለው ድርጅት ገዝቷቸው በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024ም በኒውካስል ለሐራጅ የቀረበ፣ በላዩ የመቅደላ ስምና የጦርነቱ ቀን የተቀረጸበት ጋሻ በአገራችን ጥያቄ ከሽያጭ ተነሥቶ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ አገሩ ተመለሰ። ካታሎግ ዕቃን መሸጫ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ዕቃውን የሚያገኝበት ደጅም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከዚህ ላይ አስመጪዎችና ላኪዎች አጥብቀው ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የአክሱም ዘመን ገንዘብና ይህን የመሰለው ሁሉ እንደ ተራ ሸቀጥ አይታይም። አንድ ዕቃ በውጭ አገር ካታሎግ ላይ በዋጋ ወጥቶ መታየቱ እዚህ አገር መሸጡን ሕጋዊ አያደርገውም። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከመሸጡ ወይም ከመላኩ በፊት በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ቢጠይቅ ራሱን ከቅጣት፣ አገሩንም ከጉዳት ያድናል።

ታላላቆቹ የሐራጅ ቤቶችም ዛሬ ዕቃው ከወጣበት አገር መቼና እንዴት እንደወጣ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከዩኔስኮ የ1970 ስምምነት በፊት በካታሎግ ላይ የታየ ዕቃ ታሪኩን ማስረዳት ሲቀለው፣ ወረቀት የሌለው ዕቃ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። መዝገብ ያለው ዕቃ ከማይታወቀው በዋጋ የሚበልጠው ስለዚህ ነው።

የት ይገኛሉ፤ እኛስ ምን እናድርግ?

የድሮ ካታሎጎችን ለማየት ዛሬ ወደ ለንደን ወይም ወደ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኩል የተቋቋመው የኒውማን የገንዘብ ጥናት ድረ ገጽ እጅግ ብዙ የድሮ የገንዘብ ሐራጅ ካታሎጎችን ያለ ክፍያ ያስነብባል። በጀርመን አገር የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. ከ1945 በፊት የታተሙ የሐራጅ ካታሎጎችን በድረ ገጹ አውጥቷል። በቋንቋው የሚቸገር ነጋዴ፣ ኮሌጅ የገባ ልጁን ወይም በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመዱን አጠገቡ ቢያስቀምጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብዙ ነገር ሊረዳ ይችላል።

ከሌላው ካታሎግ ከመጠቀም ጋር የራስን ካታሎግ ማዘጋጀትም ያስፈልጋል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ ስንት ሱቅና ስንት ቤት እንደተዘረፈ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ንብረቱን ያጣ ሰው የጠፋውን ብር ሚዛኑን፣ የኖቱን ቁጥር ወይም የመስቀሉን ቅርጽ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ ዕቃው ነገ በሩቅ አገር ሐራጅ ላይ ብቅ ቢል እንኳ የእኔ ነው ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። መቅደላ በደረሰባት ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት በጥቂቶች እጅ ያለ ጥበብ ነበር፤ ዛሬ ግን በእያንዳንዱ ነጋዴ ኪስ ውስጥ አለ።

ሥራው ቀላል ነው። አንድ ደብተር ይከፈት፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ተራ ቁጥር ይሰጠው። ፊቱና ጀርባው ከመሥመሪያ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣ። በወርቅ ሚዛን ይመዘን፤ ኖት ከሆነ ቁጥሩና ፊርማው፣ ቴምብር ከሆነ ማኅተሙ ይጻፍ። ጭረቱ፣ ቀዳዳውና እድፉ ሳይቀር ይመዝገብ፤ አንድን ዕቃ ከመሰሎቹ የሚለየው ጉድለቱ ነውና። ከማን እንደተወረሰ ወይም መቼ እንደተገዛ ይጨመር። ከዚህ ሁሉ አንድ ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

የንግድ ምክር ቤት አባላት የሆኑ የወልድያና የመርሳ ነጋዴዎች ይህን በየግላቸው ከጀመሩ በኋላ፣ የተፈጸሙ ሽያጮችን ዋጋ የባለቤቱን ስም ሳይጠቅሱ በአንድ መዝገብ ለማሰባሰብ ቢስማሙ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የራሳቸው የዋጋ ምስክር ይኖራቸዋል። ያን ጊዜ እንግዳ ገዢ መጥቶ የአሮጌውን ብር ዋጋ ሲናገር፣ ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ የራሱን ዋጋ ይናገራል።